ማህተሙ ያረፈበት ደብዳቤ

ተመራማሪዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሕፃናትን ሞት ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ፊቷ ላይ «ዶክተር»፣ ዞር ስትል ደግሞ «ቆጣሪዋ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ከፍቷት ግን አያውቅም። የምትሠራበት ክፍል ግድግዳው እርጥበት የበላው ነበር፤ ኮምፒውተሩም ጎኑን ካልተመታ አይነሳም። አንዱን ጥናት አስረክባ ሌላው እስኪፈቀድላት ዓመት ይፈጃል። ባልደረቦቿ አንድ በአንድ ወደ ውጭ ሲሾልኩ እሷም «እኔስ ምን እጠብቃለሁ?» ማለት ጀመረች።

አንድ ሩቅ አገር የሠለጠኑ የጤና ተመራማሪዎችን በቋሚ ነዋሪነት እንደሚቀበል ሰምታ አመለከተች። ጉዳዩን የያዘላት ጠበቃ በስልክ፣ «ዲግሪ ብቻ አይበቃም። ጥናትሽ ወረቀት ላይ እንዳልቀረ፣ ሰው እንደተጠቀመበት የሚመሰክር ደብዳቤ አምጪ» አላት።

ለዚህ ከአንድ ቦታ በቀር የሚታወሳት አልነበረም። ከከተማው ዳር ባለች ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት መዝገብ ስታገላብጥ፣ አብዛኞቹ ጨቅላዎች የሚሞቱት እናቶቻቸው ወልደው ሰዓታት ሳይቆዩ ወደ ቤት ሲሸኙ እንደሆነ ደርሳበት ነበር። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏቸው ጡረታ የተቃረቡ ነርስ፣ ይህን እንደሰሙ ዕቃ ቤቱን አስለቅቀው አራት አልጋ አስገቡ፤ እናቶችንም አንድ ቀን ማሳደር ጀመሩ። ሞቱ በግማሽ ቀነሰ። ሲስተርም የሞቱትን ሕፃናት ቁጥር በየወሩ ከመዝገቡ ጽፈው ይልኩላት ጀመር።

ሲስተር ሲያዩዋት እጃቸውን በጋውናቸው ጠራርገው አቀፏት።

«ደብዳቤው ለምንድን ነው?»

«ሥራችን ምን ለውጥ እንዳመጣ ማየት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው» አለች። ዋሸች አይባልም፤ እውነቱን ግን አልተናገረችም።

«በይ እንግዲህ፣ ፕሮጀክት ልታመጪልን ነው። እኔማ አውቄው ነበር። አራቱ አልጋ ስምንት ቢሆንልኝ ማንም መሬት ላይ አይተኛም።»

ልትናገር የነበረውን ዋጥ አደረገችው። ሲስተር በእጃቸው ሁለት ገጽ ጻፉ። «እሷ ባትኖር እነዚህ ልጆች ባልኖሩ» የሚል ቃል አስገቡበትና እንዳይደበዝዝ ማህተሙን እፍ ብለው ረገጡት።

ጠበቃው አንብቦ ሲጨርስ፣ «ይቺ ብቻዋን ትበቃሻለች» አላት።

ሁለት ዓመት ጠበቀች። ፈቃዱ የመጣ ቀን እናቷ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«መቼ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«በዚህ ወር ውስጥ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ወፍራም ካፖርት ግዢ» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ። የለቀሙትን መልሰው ሲለቅሙ አየቻቸው።

ለመሄድ አምስት ቀን ሲቀራት ሲስተር ደወሉ።

«ዶክተርዬ፣ ፕሮጀክቱ ከምን ደረሰ? ሁለት አልጋ ተሰብሮብኛል።»

ከዚህ በላይ መደበቅ አቃታት። ደብዳቤው ለምን እንደነበር፣ መቼ እንደምትሄድ፣ ሁሉንም ዘርግፋ ነገረቻቸው። በስልኩ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ ሲስተር። «የወሩን ሪፖርት ከእንግዲህ ለማን ልላከው?»

የአንድ ባልደረባዋን ስልክ ሰጠቻቸው። እሱም ማመልከቻ እንዳስገባ ታውቃለች፤ ያንን ግን አልነገረቻቸውም።

አሁን የምትሠራው ሰፊ መስኮት ባለው ቢሮ ነው። ኮምፒውተሩ ሳይመታ ይነሳል። ሲስተር ባልደረባው ስልክ አላነሳ ሲላቸው መዝገቡን ፎቶ እያነሱ ለእሷ ይልኩ ጀመር። በመጀመሪያው ወር የሞቱት ሦስት ሕፃን፣ በሁለተኛው አምስት፣ በሦስተኛው ሰባት። በአራተኛው ወር ምንም አልመጣም።

ወደ ጤና ጣቢያው ደወለች። ሲስተር ጡረታ ወጥተዋል አሏት። አዲሷን ነርስ ስለ መዝገቡ ጠየቀቻት።

«የትኛው መዝገብ?» አለች ነርሷ።

«ቀይ ሽፋን ያለው። መስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ይሆናል።»

«እስቲ ልፈልገው» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። ተመራማሪዋ የሚራመድ ጫማ፣ የሚጎተት አልጋ፣ የምታምጥ ሴት ድምፅ እየሰማች ጠበቀች። በኋላ አንድ ሰው መጥቶ፣ መስመሩ ላይ ማንም የለም ብሎ ይሆናል፣ ስልኩን ዘጋው።