የሰባት ቀን ውሃ

ገበያው ሞተ፣ ቤት የሚገዛ ጠፋ ተብሎ የግንባታ ድርጅታችን ከግማሽ በላይ ሠራተኛ ባንድ ቀን አሰናበተ። ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጠፈ። ማንበብ ብዙም አልዘልቅም፤ ስሜን ግን አውቀዋለሁ። ከላይ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

ያንገበገበኝ እሱ አይደለም። በዋዜማው የሦስተኛውን ፎቅ ሶሌታ፣ የአርማታውን ንጣፍ፣ ሞልተን ነበር። በድሬ ፀሐይ ትኩስ አርማታ ሰባት ቀን ጠዋት ማታ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ፎርማኑን፣ "ማን ያጠጣዋል?" አልኩት።

"አባባ፣ ሥራው ቆሟል እኮ። ምን አስጨነቅዎት?"

"ፀሐይዋስ ቆመች?"

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

በነጋታው በማለዳ ሁለት ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው እኩያዬ ነው፣ ሳቀብኝ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ተባረሃል እኮ!"

"አውቃለሁ። ክፈት።"

"አቦ፣ እኔንም ልታስባርሩኝ ነው! ግባ፣ ቀድመውሃል።"

እነማን እንደሆኑ ሳልጠይቅ ገባሁ። አብረውኝ የተባረሩት አርማታ ተሸካሚ ሴቶች ከታች እስከ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃው ላይ ተደርድረው ባልዲ ይቀባበላሉ። ድርጅቱ ፓምፑን ነቅሎ ስለወሰደ ውሃውን ከማዶ ካለው መስጊድ ቧንቧ በጀርባቸው አምጥተውታል። ከቀፊራ ገበያ አሮጌ ጆንያ ለምነው ሶሌታውን አልብሰውታል፤ እንደ ሕፃን።

"ማን አዘዛችሁ?" አልኩ።

"ማን ያዘናል?" አለች አንዷ፣ ሲሚንቶ የበላው እጇን እያሳየችኝ። "ባናታችን ያወጣነው ነው። ነገ ሰው ከሥሩ ይተኛል። ወላሂ አባባ፣ ቆመው ከሚያዩን ይቀበሉ!"

ተቀበልኩ።

ሰባት ቀን ጠዋት ማታ መጣን። ቀን ቀን እያንዳንዷ ሥራ ፍለጋ ትሄዳለች፤ ማታ ባዶ እጇን ትመለሳለች፣ ባልዲውን ታነሳለች። አንዲትም አልቀረችም። እኔ፣ ለዚህ ሶሌታ ከኔ ሌላ የሚያስብ የለም ብዬ የመጣሁት ሰውዬ፣ ባልዲ ከሚቀባበሉት አንዱ ሆንኩ።

በሰባተኛው ቀን ጆንያውን ገለጥን። ተንበርክኬ ከዳር እስከ ዳር በመዳፌ ዳሰስኩት፣ በመዶሻ መታሁት። የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለበትም። ሴቶቹ አፌን አፌን ያያሉ።

"ደህና ነው" አልኩ።

ዕድሜ ልኬን ግንበኛ ነኝ ብዬ እነሱን "ቶሎ በሉ" ስል፣ ከደረጃም ቀድሜ ስወርድ ኖሬአለሁ። ያን ቀን ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሁሉንም አሳልፌ መጨረሻ ወረድኩ።