የሀብትነሽ ልጅ ዕድሜ

ቡሬ ገበያ ውስጥ ሀብትነሽን የማያውቅ የለም። በርበሬ ትሸጣለች። ገዢው ገና ሳይጠይቃት ዛላውን አንስታ «ይሄኛው ያቃጥላል፣ ያኛው መልክ ብቻ ነው» ትለዋለች። በሸቀጧ ዋሽታ አታውቅም። የልጇ ነገር ሲነሳ ግን፣ አይ ሀብትነሽ! ውሸቷ ልክ የለውም።

ምን ታድርግ? ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ሁለቱም ደንዳና ነበሩ፣ ያያቸው ሁሉ «ወይ ሲያምሩ!» የሚልላቸው፤ እሷም ደስ ብሏት ላገኘችው ሁሉ ታሳይ ነበር። «ዓይን በላብኝ» አለች፤ ከዚህ ሐሳቧም የሚያነቃንቃት አልተገኘም። ማኅፀኗ ብዙ ዘመን ተዘግቶ ከርሞ፣ እሷም ተስፋ ቆርጣ ሳለ፣ እግዜር ሃይለ ሚካኤልን ሰጣት። ስሙን ግን አትጠራውም። «ኮሳሳው» ነው የምትለው። ኮሳሳው በዘጠኝ ወሩ ጭኑ የተደራረበ፣ አንቀልባውን የሚያስጨንቅ ድንቡሽ ያለ ልጅ ነው! ማንም እንዳያየው ከራሱ እስከ እግሩ ትሸፍነዋለች። ሰው ዕድሜውን የጠየቃት እንደሆነ ለአንዱ ሁለት፣ ለሌላው ሦስት ዓመት ትላለች፤ «አላድግ ብሎኝ እኮ ነው» ብላም ትተክዛለች። አላድግ ባለ ልጅ ማን ይቀናል?

በዚህ መሀል ነው ልጁን ሳል የያዘው። ደረቅ ሳል ነው፤ ሲስል ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሀብትነሽም አጠገቧ ጨርቅ ለምትሸጠው ለወዳጇ ለሙስሊማ አስታቅፋው ብድግ አለች።

«ይዘሽው አትሄጂም?» አለቻት ሙስሊማ።

«በገበያ ቀን? የሰዉ ዓይን ብዛቱ!» ብላ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠች።

መድኃኒት ቤቱ ሰው ጢም ብሎበታል። ባለሙያው ምስክር ገና ልጅ እግር ቢሆንም ሳይጠይቅ አይሸጥም።

«የልጅ ሳል ሽሮፕ ስጠኝ» አለችው።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው እትዬ?»

ዘወር ስትል፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ትክ ብለው ያዩዋታል። ዓይናቸውን ፈራች። እንግዲህ ካበዙ አይቀር ብላ፣ «ስድስት ሞልቶታል፤ አላድግ ብሎኝ ነው እንጂ» አለች።

ምስክር ጠርሙሱን አወረደ። «ስድስት ከሞላው ደህና። ከዚያ በታች ላለ ልጅ ይሄንን አልሰጥም። ለሕፃንማ ጭራሽ! እንቅልፍ ይጥለውና ትንፋሹን ሊያዳክመው ይችላል።» ከጠርሙሱ ጋር ያለችውን ትንሽ መስፈሪያ አንስቶ እስከ የት እንደሚሞላ አሳያት። ሀብትነሽ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከፍላ ጠርሙሱን ይዛ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። «ግዙፍ ነው እኮ፤ ይችለዋል። ደግሞ በትንሹ ብሰጠውስ?» ገበያ ደርሳ በመስፈሪያዋ ቀዳች። ሽሮፑ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል። ልጁ ከእናቱ እጅ ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ የት ያውቃል፣ አፉን በሰፊው ከፈተላት።

«ዕድሜውን ስንት አልሽው?» አለች ሙስሊማ።

«ስድስት።»

«ያ ረቢ! ምነው ሚስት አጭቼለታለሁ አላልሽውም?» ብላ ሳቀች። ጓደኛዋ እንዳልሳቀች ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ምን አለሽ ሰውዬው?»

ሀብትነሽ የተባለችውን ነገረቻት።

«እና ዓይን ፈርተሽ በገዛ እጅሽ ልት...» ሙስሊማ ቃሉን መጨረስ አቃታት።

ሀብትነሽ ሽሮፑን በርበሬው ላይ ደፋችው። ልጇን አፈፍ አድርጋ፣ በርበሬውን እንደተሰጣ ትታ በሩጫ ተመለሰች።

«ዋሽቼሃለሁ!» አለች ሰዉን እየገፋች ገብታ። «ስድስት ዓመት የለ ምን የለ፣ ዘጠኝ ወሩ ነው!» ብላ መሸፈኛውን ከላዩ ገፈፈችው።

«እንዴ! ይሄን የሚያህል? በዘጠኝ ወሩ?» ቤቱ ተንጫጫ። ስትሸሸው የኖረችው ቃል ሁሉ በአንዴ ወረደባት። ዓይኗን ጨፈነች።

ምስክር ከባንኮኒው ጀርባ ዘሎ ወጣ። «ሰጡት እንዴ?»

«አልሰጠሁትም።»

«ተመስገን!» የልጁን ልብስ ገልጦ ደረቱን አየ፤ ሰዓቱን ይዞ ትንፋሹን ቆጠረ። «ይጠባል?»

«ጡትማ ነፍሴን ነው የሚመጠኝ!»

«እሰይ። ሽሮፕ አያስፈልገውም። ቶሎ ቶሎ ያጥቡት። ማርም ቢሆን ዓመት ሳይሞላው እንዳያቀምሱት። ለማንኛውም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ያሳዩት፤ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት እንቢ ካለ ደግሞ ደቂቃ እንዳይቆዩ። ለመሆኑ የት ነው የሚውለው?» ብሎ መሸፈኛውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አነጠሰ። ደግሞ አነጠሰ። «በርበሬ ውስጥ ነዋ!» አለ እንባውን እየጠረገ። «ታዲያ ምን ያድርግ፣ አይሳል?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ሀብትነሽ ግን መሳቅ አልቻለችም። ያ ሽማግሌ ከአግዳሚው ተነስተው፣ ዓይናቸውን ከልጁ ሳይነቅሉ እየመጡ ነው። እጇ መሸፈኛውን ፈለገ፤ መሸፈኛው ምስክር እጅ ነው። የምትገባበት ጠፋት። በመጨረሻ ልጇን ከደረቷ አላቅቃ ወደሳቸው አቀረበችው።

«አባቴ፣ ካዩት አይቀር ይመርቁልኝ» አለች።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቱፍ ቱፍ! እደግ፣ ተመንደግ!» አሉና ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ቀና ብለው እሷን አዩ። «ይቅበርሽ፣ ልጄ።»

ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ይህን ምርቃት ስትሰማ የሚሰማትን ሌላ ሰው አያውቀውም። መድኃኒት ቤት የነበረው ሁሉ «አሜን!» አለ። ሀብትነሽ ሃይለ ሚካኤልን እንደተገለጠ ታቅፋ፣ በሰው ሁሉ ፊት እያለቀሰች፣ «አሜን፣ ይቅበረኝ» አለች።