የወንድሜ ሱፍ ከነዳሌው

አሜሪካ ውስጥ ወፍራም ሴት በግድ አበባ ትለብሳለች። ይህን የነገረኝ የለም፤ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ራሴ የደረስኩበት ነው። ለቀጫጭኖቹ ጥቁርም፣ ነጭም፣ ግራጫም ተሰቅሎላቸዋል። ፕላስ ሳይዝ ወደሚባለው ጥግ ሲኬድ ግን ከላይ እስከ ታች አበባ ነው፤ አበባ ያልሆነው ቢራቢሮ ነው፤ ቢራቢሮ ያልሆነው የነብር ቆዳ ነው። እጅጌው ይርገበገባል፤ አንገቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ተለጥፏል። ልብሱን ያወጣው ሰው፣ "ይህቺ ልጅ ስታልፍ ሰው ልብ ሳይላት ቢቀርስ?" ብሎ የተጨነቀ ይመስላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት ሰው ልብ ሳይለኝ ማለፍን ነው።

ዓይን አፋር ነኝ። አትላንታ የመጣሁት የእናቴ ታናሽ እህት አስመጥታኝ ነው፤ የምኖረውም እሷ ቤት ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛዬም አጭር ነው፤ ያገኘሁት ሥራ ግን ደግነቱ ማውራት አይጠይቅም። ደንዉዲ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ምድር ቤት ሆኜ፣ ልብስ አጥባለሁ፤ አጥፋለሁ። የወንድ ልብስ የወደድኩትም እዚያ ነው። የሽማግሌዎቹ ሸሚዝ ጨርቁ ጠንካራ፣ ቁልፉ ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ ነው። ሱሪያቸው ኪስ አለው፤ እጅን እስከ አንጓ የሚያስገባ ኪስ። የአሮጊቶቹን ሱሪ ሳጥፍ ደግሞ ኪስ የሚመስል ነገር አይና ጣቴን ስሰድ ዝግ ነው፤ ለወጉ ያህል የተሰፋ መስመር ብቻ። ሴትየዋ ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ባል ቀብራ፣ ኪስ ግን ገና አልተፈቀደላትም።

አንድ የእረፍት ቀን ሞል ሄጄ ወንዶች ክፍል ገባሁ። ሻጩ፣ "ለባልሽ ነው?" አለኝ። በጭንቅላቴ አዎ አልኩ። ባል የለኝም፤ ግን ባል አለኝ ማለት "ለእኔ ነው" ከማለት ይቀላል። ከዚያ ወዲህ በየሱቁ ባልም፣ አባትም፣ አጎትም አፍርቻለሁ።

እዚያም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። አሜሪካኖች የወንድን ቦርጭ ያከብራሉ። ቦርጫም ከሆነ ሱሪው ከፊት ይሰፋለታል፣ ሸሚዙ ይረዝምለታል፣ ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ይጨመርለታል፤ ቢራቢሮ ልበስ የሚለውም የለም። ዳሌ ያለው ሰው ግን ሱሪ ሊገዛ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። ለወገቤ ልክ የሆነው ሱሪ ዳሌዬ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዳሌዬን ያለፈው ደግሞ ወገቡ ላይ ሌላ ሰው ጨምሮ ይይዛል። ሸሚዙን ስቆልፈው ደረቴ ላይ፣ በቁልፎቹ መካከል፣ አፉን ከፍቶ ሰው ያያል። ሰፊውን ስወስድ ትከሻው ክርኔ ጋ ይወርዳል፤ መስታወት ውስጥ ያለችው ልጅ የአባቷን ልብስ ሰርቃ ከቤት የጠፋች ትመስላለች።

እያበላሸሁ ተማርኩ። ሱሪ በዳሌ ልክ ተገዝቶ ወገቡን ነው የሚያጠቡት። የጎን ኪሱ አፉን ከከፈተ ዳሌ ጆሮ ያለው ድስት ይመስላል። ሸሚዙ ላይ ደረት የሚከፈትበት ቦታ ከውስጥ ትንሽ የተደበቀ ቁልፍ ቢተከል አፉን ይዘጋል። ኮት ከኋላው በሁለት በኩል የተሰነጠቀ ከሆነ ዳሌ ላይ አይሰቀልም። ይህን ሁሉ አውቄ የምለብሰው ግን መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ በሬን ዘግቼ ነበር።

ነገሩ ከመኝታ ቤቴ የወጣው የአክስቴ ልጅ ልታገባ ስትል ነው። እሷ እዚሁ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ፣ ልቧ ሙሉ። ከሚዜዎቿ አንዷ እኔ ነበርኩ። የሚዜዎቹ ቀሚስ በኢንተርኔት ታዝዞ መጣ፤ ሻምፓኝ ቀለም፣ ትከሻ የሌለው፣ እስከ ጉልበት ተጣብቆ ከዚያ በታች እንደ ዓሣ ጭራ የሚዘረጋ። ሌሎቹ ሳሎን ውስጥ ለብሰውት ሲጮሁ፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ዚፑ ጀርባዬ መሃል ላይ ቆሟል፣ እኔም ቆሜያለሁ። ሙሽራይቱ አንኳኳች፤ በሩን ገርበብ አደረግኩላት።

"ዚፑ እምቢ አለ?"

"ሚዜነቱ ይቅርብኝ። ኩሽና ልግባ፤ ምግብ አወጣለሁ።"

"ኖ! ሲሪየስሊ? አንቺ ከጎኔ ከሌለሽ ማን ላይ ተደግፌ ነው የማለቅሰው?" ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው። "ደግሞ ቁም ሳጥንሽ ውስጥ የደበቅሻቸውን ሸሚዞች አይቻቸዋለሁ፣ ኦኬይ? ሱፍ ልበሺ።"

"ሱፍ?"

"ላይክ፣ ሱፍ! ከወንዶቹ ጋር አይደለም፤ ከእኔ ጋር ነው የምትቆሚው። ለማሚ ግን አንቺ ንገሪያት። እኔ በኬኩ ተጣልቻታለሁ፣ በአዳራሹ ተጣልቻታለሁ፣ አይ አም ዳን።"

ምርጫው እንግዲህ ይኸው ነበር፤ ወይ ሱፍ አሰፍቼ፣ ለአክስቴ ነግሬ፣ ከሙሽራይቱ ጎን መቆም፤ ወይ ኩሽና። ለአክስቴ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። የእኔ ነገ ደግሞ ቶሎ አይመጣም።

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ በሜክሲኮዎች ዳቦ ቤትና በቬትናሞች ጥፍር ቤት መካከል፣ አንድ የሀገራችን ሰው ልብስ ይሰፋሉ። ደንበኞቻቸው በብዛት ሀገር ቤት ላለ አባትና ወንድም ሱፍ የሚልኩ ናቸው።

"ለማን ነው?" አሉኝ ሜትራቸውን ከአንገታቸው እያወረዱ።

"ለወንድሜ።"

"ልኩን ይዘሻል?"

"ልኩ እኔን ያህላል።"

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "አንቺን ያህላል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ዳሌውም?"

"ቤተሰባችን እንደዚህ ነው።"

"እግዜር ይባርከው" አሉ፤ ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት የለም። "በይ ሹራብሽን አውልቂና ልለካው።"

"ከነሹራቡ ይለኩኝ። እሱም ብርድ አይችልም።"

ዓይኔን ጨፍኜ ተለካሁ። ሱፉ ሲደርስ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩ የሚያንሸራትት፣ ኪሱ እውነተኛ ነበር። ጋሼ ሲያስረክቡኝ አስጠነቀቁኝ። "ለወንድምሽ ንገሪው፤ ኪሱ ውስጥ ምንም እንዳይጨምር። የተሞላ ኪስ ዳሌን ያሳብቃል።"

ቤት ወስጄ ለካሁት። ሰፍቶኛል። ሰፊ ልብስ ሰውን ይደብቃል ብዬ ግን ደስ አለኝና ቁም ሳጥኔ በር ላይ ሰቀልኩት።

አክስቴ በር አታንኳኳም፤ ማንኳኳት የባዳ ነው ትላለች። ገባችና ሱፉን አየችው።

"ይሄ ደግሞ የማነው?" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ፊቷ በራ። "ለወንድምሽ ነው?"

የእኔ ነገ በሩን በርግዶ ገብቶ ፊቴ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ። ጭንቅላቴ ግን የለመደውን ሠራ፤ አዎ አለ።

"ተባረኪ! እኔ እኮ ይህቺ ልጅ ቤተሰቧን ረሳች እያልኩ አማሻለሁ" ብላ አቅፋ ሳመችኝ።

እኛ ዘንድ ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው የራሱን ዕቃ ብቻ ይዞ አይሄድም። ትኬት መቁረጡ ከተሰማ ሁሉም የየራሱን ላስቲክ አንጠልጥሎ ቤቱ ይሰለፋል። በዚያው ሰሞን የአክስቴ የቸርች ጓደኛ ልትሄድ ነበር። ከሥራ ስመለስ ቁም ሳጥኔ በር ላይ ባዶ መስቀያ አገኘሁ።

"ላክሁልሽ!" አለች አክስቴ ከሳሎን። "ሻንጣዋ ጢም ብሎ ነበር፤ የራሴን የዱቄት ወተት አስወጥቼ ነው ያስገባሁልሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ወንድሜ፣ እውነተኛው፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ልጅ ነው። ሱፉ በደረሰው ማግስት በስልክ ፎቶ ላከልኝ፤ ወዲያው ደወለ።

"እህቴ፣ ኑሪልኝ! ጨርቁ አንደኛ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአሜሪካ ፋሽን ከኋላ እንዲህ ነው?"

"እንዴት?"

"ስራመድ ነፋስ ይገባል። ጓደኞቼ፣ 'ከኋላህ ማንን ይዘህ ነው የምትዞረው?' እያሉ ፈጁኝ።"

"ፋሽኑ ነው" አልኩት።

"ፋሽን ከሆነማ ለብሼው እዞራለሁ!"

ስልኩን ዘግቼ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። የሳቁ ነገር ሲያልፍልኝ አንድ ሌላ ነገር ታየኝ። ሱፉ ለእሱ ብቻ አይደለም የሰፋው፤ እኔም ላይ እንደዚሁ ነበር የተንጠለጠለው። ያ ልብስ የተሰፋው ለእሱም ለእኔም አይደለም፤ ለሹራቤ ነው።

ሰርጉ የሚመጣው ቅዳሜ ነበር። ወደ ቡፎርድ ሃይዌይ ተመለስኩ። ሱቁ ውስጥ ጋሼ የአንድ ታክሲ ሾፌር ሱሪ እያሳጠሩ ነበር፤ ሰውየው እግሩ ሥር በመርፌ ተይዞ፣ መንቀሳቀስ አይችልም።

"ወንድምሽ እንዴት ነው?" አሉኝ ጋሼ። "ልክ ሆነው?"

"ሰፋው።"

"ሹራቡን አላወልቅ አለና ነዋ!"

ሾፌሩ ጆሮውን ጣል አድርጓል። ሰውየው እስኪሄድ መጠበቅ እችል ነበር፤ ቅዳሜ ግን አይጠብቀኝም። "ጋሼ፣ ሱፉ ለእኔ ነው" አልኩ። "ሚዜ ነኝ። ቀሚሱ አልሆነኝም። ወንድሜ ቀጭን ነው።"

"ቀጭን መሆኑን አላወቅኩም፤ የአንቺ መሆኑን ግን አውቄያለሁ" አሉ። "ለሌላ የሚለካ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም። በይ ሹራቡን።"

አወለቅኩ።

"ቡኒ ቢሆን ያምርባት ነበር" አለ ሾፌሩ።

"አንተ ሱሪህን ጠብቅ!" አሉት ጋሼ። ሜትሩ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆም አሉ። "ወገብ አለሽ እኮ! ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ብለሽ ደበቅሽው?" ኮቱን ወገቤ ላይ ጠበብ፣ ዳሌዬን አለፍ አድርገው ሰፉት። ትከሻው ትከሻዬ ላይ አለቀ። ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም የጠፋችም የተደበቀችም ልጅ አላየሁም። ወፍራም ልጅ አየሁ፤ ልብሷ ልኳ የሆነ።

ሐሙስ አክስቴ የሀገር ልብሷን ስትተኩስ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

"እትዬ፣ ያ ሱፍ የእኔ ነበር።"

"የቱ?"

"የላክሽው። ቅዳሜ ከልጅሽ ጎን ለብሼው ልቆም ነበር። አሁን ሌላ አሰፍቻለሁ።"

ካውያው ቀጥ አለ። "ሱሪ ለብሰሽ? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ሰው ምን ይላል?"

"ቀሚሱ ጀርባዬ ላይ ሲቀደድስ ምን ይላል?"

እንዲህ ብዬ መልሼላት አላውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን። ካውያውን አስቀመጠችና፣ "ያ ሁሉ ወተት!" አለች። "የዱቄት ወተት አስወጥቼ ነው እኮ! ለዚያ ሸንበቆ የአንቺን ዳሌ ላክሁለት?" ካውያውን አንስታ ነጠላዋን ትደቁሰው ጀመር። ስለ ሱሪው አዎም፣ አይሆንምም አላለችኝም። እስከ ቅዳሜም አላናገረችኝም።

ቅዳሜ ከሙሽራይቱ ጎን ቆምኩ። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ደግነቱ ትከሻ የሌለው ቀሚስ የለበሱት ሚዜዎች በየደቂቃው ልብሳቸውን ወደ ላይ ይጎትቱ ስለነበር ሰዉ ዓይኑን ወደ እነሱ መለሰ። ሙሽራይቱ እንዳለችውም አለቀሰች፤ ትከሻዬ ላይ የዓይኗ ኩል ቀረ።

ራት ሲቀርብ አንዷ ሚዜ ወደ እኔ ተጠጋች። "ስሚ፣ ኪስሽ የምር ነው?"

"የምር ነው።"

"ስልኬን ያዢልኝ፣ ፕሊስ።" ስልኳን ስታስገባ ሌላዋ አየች። የከንፈር ቀለም መጣ። የመኪና ቁልፍ መጣ። የአንዷ ሰው ሠራሽ ጥፍር ተነቅሎ እሱም አደራ ተባለ። የጋሼ ማስጠንቀቂያ ትዝ እያለኝ ሁሉንም ተቀበልኩ።

በመጨረሻ አክስቴ ስትመጣ አየሁ። አብራት አንዲት የቸርች ጓደኛዋ አለች፤ ከበሩ ጀምራ ሱሪዬን ነው የምታየው።

"ይቺ ማነች?" አለች ሴትየዋ።

"የእህቴ ልጅ ናት" አለች አክስቴ። የሀገር ልብሷ ኪስ የለውም። የኮቴን ኪስ በጣቷ ከፈት አድርጋ መነጽሯን ከተተች። ስልኳን ከተተች። በሶፍት የጠቀለለችውን ቁራሽ ኬክም ከተተችና ኪሱን መታ መታ አደረገችው። "እንዳትቀመጪበት!" አለችኝ። ከሐሙስ ወዲህ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው ለፎቶ ተጠራን። ጋሼ በኋላ ፎቶውን ሳሳያቸው እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። እውነታቸውን ነው፤ ያን ያህል ተደክሞበት ፎቶው ላይ ጆሮ ያለው ድስት ነው የምመስለው። አክስቴ ግን አሳጥባ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ በግራ ኪሴ በኩል ያበጠውን በጣቷ ታሳያለች፤ "ይቺ የእኔ ኬክ ናት" ትላለች።