ከቆርቆሮ ወደ መሬት

ተከራይ ሰው መሬት አይቆፍርም። ይህን ሰቆጣ ከመምጣቴ በፊትም አውቀው ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በታይፒስትነት ተመድቤ ከጎጃም ስመጣ፣ ደሴ ካደርሁበት ሆቴል ግቢ ለምኜ የቆረጥኋትን የጽጌረዳ ቅርንጫፍ የተከልኋት በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ታቹን በምስማር በሳሳሁት። ቤት ስቀይር ፍራሼን ለተሸካሚ ሰጥቼ ቆርቆሮውን ራሴ እታቀፈው ነበር።

ሦስተኛው ቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም ያልወለዱ የአንዲት ሴትዮ ነበር። እማማ እላቸው ነበር። አንድ ክረምት ታይፎይድ ጥሏቸው ከረመ። አጠብኋቸው፣ አጎረስኋቸው፣ ጤና ጣቢያ አመላለስኋቸው። ውለታ ዋልሁ ብዬ አይደለም። እናቴን ገና ጡት ሳልተው ነው ያጣኋት፤ እናት ማስታመም እንዲህ ይሆን እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ሲሻላቸው የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ። ጎረቤቱ በተሰበሰበበት አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጠቡኝ። እንዲህ የጠባ የጡት ልጅ ነው፤ ከማሕፀን ከወጣው አይለይም። ቄሱ መርቀው፣ «ከሁለታችሁ የከዳችው የተገዘተች ትሁን» ብለው አሰሩን።

«ከእንግዲህ አንቱ ብትይኝ እቀየምሻለሁ» አሉኝ እማማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ሆነች።

በማግስቱ ቆርቆሮውን አይታ ሳቀችብኝ። «ምነው ልጄ! የቤት ልጅ አበባዋን በቆርቆሮ ታኖራለች እንዴ? ነገ ልሄድ ነው ያልሽ አስመሰልሽው እኮ! ቆፍሪና ትከያት።»

ቆፈርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰቆጣ ላይ አበባ ማጠጣት ቀልድ አይደለም። ውሃው በአህያ ነው የሚመጣው፤ ለሰው እንኳ አይበቃም። ምስር ያጠብሁበትን፣ ፊቴን የታጠብሁበትን እያጠራቀምሁ አጠጣኋት። የፍየል በጠጥ አድቅቄ ሥሯ ላይ በተንሁ። ፍየሎቹ ራሳቸው ደግሞ ጠላቶቿ ስለሆኑ ዙሪያዋን በእሾህ አጠርሁ። ቅጠል አበዛች፣ አበባ ግን ወይ ፍንክች! አደይ መጥቶ ይሄዳል፤ ማኅሌተ ጽጌው ተቁሞ ያልቃል፤ የእኔዋ ዝም። የጽጌ ጽዋ የሚጠጡት ጎረቤቶች «ያንቺ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ናት መሰል፣ ተመደበች እንጂ ሥራ አልጀመረችም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ቸገረኝ፣ የምቸኩልበት አገር የለኝም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጽጌ ካለፈ፣ ማሽላው ከታጨደ፣ ግቢው ሁሉ አመድ ከመሰለ በኋላ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ፈነዳች። ቀይ፣ ድርብርብ፣ ከአጥር በላይ። መንገደኛ ቆሞ ያያት ነበር። እማዬ ለኅዳር ጽዮን አንዷን ቆርጣ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ አንድ መኪና በራችን ላይ ቆመ። የእርዳታ ሠራተኞች ናቸው፤ ለእንግዶቻቸው ቤት ሲፈልጉ አበባዋን ከመንገድ አይተው ነው የገቡት። ግቢው እንዴት ያምራል አሉ። ደስ አለኝ፤ ሞኝ! ቆሎ ሳይቀር አቀረብሁላቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከቢሮ ስገባ እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ «እኔ ወንድሜ ቤት እገባለሁ» አለች፤ «አንቺም እስከ ወሩ መጨረሻ ለራስሽ ፈልጊ። ሰዎቹ መከራየት የፈለጉት ግቢውን ሙሉውን ነው።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀችም።

«እማዬ፣ አጥብተሽኝ የለም እንዴ?»

«ማር ነው ያጠባሁሽ፤ ቤት አላጠባሁሽም» አለችኝ። ከዚያ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ነገር አጉረምርማ ገባች። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ባላውቅም ይሻለኛል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። በብሩ አልፈርድባትም፤ ዝናብ በሚጠፋበት አገር፣ ለዚያውም በእርጅና፣ ብር የሚጠላ የለም። ጠርታ ብታማክረኝ እኔው ራሴ «አከራዪው» እላት ነበር፤ ልጅ እንደዚያ ነው የሚለው። ያሳረረኝ ሌላ ነው። ወንድሟ ያውቅ ነበር። ጎረቤቱ ያውቅ ነበር። የገዘቱት ቄስ ሳይቀሩ ያውቁ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን የመጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ልጇ!

አበባዬን ነቅዬ ልወስድ ተነሣሁ። ብቆፍር ብቆፍር ሥሯ ከቤቱ መሠረት ድንጋይ ሥር ገብቷል። መጥረቢያ አነሣሁ፤ ልቆርጣት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እጄ እንቢ አለኝ። አፈሩን መልሼ ጠቀጠቅሁት። ያኔ ነው ያለቀስሁ።

ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ስወጣ ሴትዮዋ እየሮጠች ተከተለችኝ። ልትመርቀኝ፣ ምናልባትም ይቅርታ ልትለኝ መሰለኝ። ጋሪውን አስቆምሁት። ነጠላዋን እያስተካከለች ጠጋ አለችና፦

«ልጄ» አለችኝ፣ «ያችን አበባ በስንት በስንት ቀን ነው የምታጠጫት? ሰዎቹ ይጠይቁኛል።»

የውሃውን ነገርኋት፤ አበባዋ ምን አጠፋች። «ልጄ» ላለችው ግን አቤት አላልሁም።