አባቴና የብርድ ወራት ወፎች

አባቴ ዓይኑ ሳይጠፋ በፊትም ክፉ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ዓይነ ስውር ሲባል የሰው ልብ ቶሎ ስለሚራራ ነው።

ያደግሁት ከሰቆጣ ወዲያ፣ ፃግብጂ ውስጥ፣ ማሽላ በሚበቅልበት በኩል ነው። ዓይኑን ያጠፋው ማዝ ነው። የሽፋሽፍቱ ጸጉር ወደ ውስጥ እየበቀለ ብሌኑን ዓመት ከዓመት ሲፍቀው ኖሮ በመጨረሻ ብርሃኑን ወሰደው። ከታወረ በኋላም ጸጉሩ መብቀሉን አልተወም። እኔ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከባሌ ተፋትቼ ወደ ቤቱ ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ጸጉር በወረንጦ መንቀል ሆነ። ሲያመው ክንዴን ይዞ ይቆነጥጠኛል። እናቴ ከሞተች ቆይታ ነበር፤ ከእኔ ሌላ የሚረዳው ሰው አልነበረም።

መሬቱን በእኩል የሚያርስለት ታናሽ ወንድሙ ነው። አጎቴ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰርግ ቤት ካለሱ የማይደምቅ ሰው ነበር። የሰውም የአውሬም ድምፅ ያስመስላል። ቆቅ ሲያጠምድ ከወጥመዱ አጠገብ በደረቱ ተኝቶ እንደ ቆቅ ሲጣራ፣ ቆቆቹ እየሮጡ ይመጡለታል። አባቴን ግን አይወደውም። ልጆች ሳሉ ከብት በጠፋ ቁጥር የሚገርፈው አባቴ ነበር አሉ።

አንድ ኅዳር ሲገባ አጎቴ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ቁጭ ብሎ መብላት ለሰውነትም አይበጅ። ዘንድሮ ማሽላውን ከወፍ እርስዎ ይጠብቁ።"

"በየትኛው ዓይኔ?" አለ አባቴ።

"ጆሮ አለዎት አይደል? ወንጭፉም ይኸው አለ።" ይህን እያለ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ።

አባቴ ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ፣ ብድግ አለና "ምሪኝ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት በብርዱ፣ ጋቢውን ደርቤለት ማማው ላይ አወጣዋለሁ። ጊዜው የመስቀል ወፍ ጠፍታ የብርድ ወራት ወፎች የሚመጡበት ነው። አባቴ ሁሉንም በድምፅ ይለያቸዋል። ጅራቷን እየነቀነቀች የምትሄደው ቢጫ ወፍ ጪው ጪው እያለች ስታልፍ፣ "ተያት፣ ትል ለቃሚ ነች። ከሩቅ አገር ነው የመጣችው፤ ካቲት ሲወጣ ትሄዳለች" ይላል። ግሪሳ ሲመጣ ግን የእኔ ዓይን ሳያየው የእሱ ጆሮ ይሰማዋል። "ከወንዙ በኩል!" ብሎ ይጮህና ወንጭፉን ያሽከረክራል። ድንጋዩ ማሽላው ላይ ሲያርፍ የግሪሳው መንጋ ጥቁር ሆኖ ይነሣል።

እኔንም ሊያስተምረኝ ያዘ። መምህሩ በትሩ ነው።

"ያቺ ምንድን ነች?"

"ዋኔ።"

በትሩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያርፋል። "ዋኔ ከሆዷ ነው የምትጮኸው። ይቺ ከጉሮሮዋ ነው፤ እርግብ ነች። ከባልሽ ቤት ያስወጣሽ ይኸው ድንቁርናሽ ነው!"

እያለቀስኩ ተማርኩ። ግን ተማርኩ። ጥር ሲገባ ዓይኔን ጨፍኜ የማሽላውን ወፍ ሁሉ መጥራት ቻልኩ። ስስት ይመታኛል፤ ሳውቅም ወደ ሌላዋ ያልፋል እንጂ ጎሽ አይለኝም።

በሁለተኛው ዓመት አጎቴ ጨዋታውን ጀመረ። ማሽላው ውስጥ ይደበቅና እንደ ቆቅ ይጣራል። አባቴ ወንጭፉን ወዲያ ይወረውራል፤ አጎቴ ተነሥቶ ወዲህ ይጣራል። ከዚያ ብቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ሳቷት እኮ!" ይላል። ከጎረቤት ማሳ ያሉት በሳቅ ይወድቃሉ። ወሬው ተዛምቶ ከሌላ መንደር ሳይቀር ሊያዩ የሚመጡ ነበሩ። ቄሱም አንድ ቀን ሲስቁ አይቻቸዋለሁ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ በበትሩ ነካ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። እኔም ያፈረ መሰለኝ።

አጨዳው የደረሰ ጊዜ ለደቦ ብዙ ሰው ተሰበሰበ። ረፋድ ላይ፣ ሰዉ ማጭዱን ጥሎ ጠላ ሊቀምስ ሲቀመጥ፣ አጎቴ ተንሸራትቶ ማሽላው ውስጥ ገባ። ሰዉ አፉን በእጁ ይዞ ይጠብቅ ጀመር። ቆቋ ጮኸች። አባቴ ወርውሮ ሳተ፤ ሳቅ ሆነ። ቆቋ ቀረብ ብላ ጮኸች። አሁንም ሳተ። ሦስተኛ ስትጮህ ከማማው ሥር ነበረች። አባቴ ወንጭፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዞረና ለቀቀ።

የሰማነው ጩኸት የወፍ አልነበረም። አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ከማሽላው ወጣ፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይወርዳል። ሴቶቹ ኡኡ አሉ። በዚያ ሁሉ ሁካታ መሀል አባቴ ከማማው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"ቆቋን መታኋት?" ብሎ ጠየቀ።

አጎቴን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ፣ ከዚያም ሰቆጣ ሆስፒታል ወሰዱት። ግራ ዓይኑ ፈሶ ነበር። ሐኪሙ፣ ይህ ዓይን ካልወጣ ደኅናውንም ይዞት ሊጠፋ ይችላል ቢለው፣ ፈርቶ ሳያስወጣው፣ ዓይኑ በፋሻ እንደታሰረ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አጎቴ ዓይኑን በነጠላ እንደጠመጠመ፣ "አውቆ ነው! እሱ ወፍና ሰው የማይለይ መስሏችሁ ነው?" እያለ ጮኸ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን እየዋጠ፣ "ልጄ፣ ቆቅ ነኝ ያልክ አንተ። ዕውር ምን አይቶ ያጥፋ?" አለው። ሰዉ ሳቀ። ፍርዱ በዚያው አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎቴ ገበያ ሲወጣ ከኋላው እንደ ቆቅ የሚጣራበት አይጠፋም። አባቴን ሲያላግጡ የነበሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ከሽምግልናው ስንመለስ አባቴን እጁን ይዤ እየመራሁ፣ "አባየ፣ እውነት አላወቁትም?" አልኩት።

"መጀመሪያውኑ ነው የለየሁት። ቆቅ በጩኸቷ መሀል አየር አትስብም፤ እሱ ይስባል። ደግሞ ይህን ያህል ሰው እያወራ የትኛዋ ቆቅ ነች የምትጮህ?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?"

"በሳትኩ ቁጥር ይቀርብ ነበራ።"

እግሬ ቆመ። "ዓይኑን አስበው ነው የመቱት?"

"አፉን ነበር ያሰብኩት" አለ። "አጎንብሶ ይሆናል።"

ልዋሽ አልችልም፤ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺን ሳቅ እኔም ማማው ሥር ቆሜ ስውጣት ከርሜያለሁ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ የአጎቴ ቀኝ ዓይንም ይደክም ጀመር። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ቀጥሎ ባለው ብርድ ሚስቱ በበትር እየመራች አመጣችውና ደጃችን ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ" አለ፤ ያ የሰርግ ቤት ድምፅ ጠፍቶ። "ቀኑ አልመሽ አለኝ። ከቆቅና ከጅግራ በቀር በድምፅ የማውቀው ወፍ የለም። እንዲያው ማን ማን እንደሆነ እየሰማሁ ብውል…"

አባቴ ፊቱ በራ። "ተቀመጥ" አለ። "ሰው ለወንድሙ ካልሆነ ለማን ይሆናል?"

ማስተማርም ጀመረ። በትር አላነሣም፤ ክፉ ቃልም አልተናገረም። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ድንቢጧን ግሪሳ ናት ይለዋል። ግንደ ቆርቁር ሲቆረቁር ቁራ ነው ይለዋል። ከሩቅ አገር የምትመጣዋን ቢጫ ወፍ፣ "ይቺ የሞት ወፍ ናት፣ የጮኸችበት ቤት ሰው አይተርፍም" አለው። አጎቴም የእያንዳንዷን ድምፅ ቁልጭ አድርጎ እያስመሰለ የውሸት ስሟን ይደግማል። እንዲህ እያሉ ብርዱን ሁሉ ከረሙ። ያቺ ቢጫ ወፍ ስትጮህ አጎቴ ሲያማትብ፣ አባቴ ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ ይላል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። አጎቴን ቤቱ ላደርስ እየመራሁ ሁሉንም ነገርኩት። ይቺ እንዲህ ነች፣ ያቺ እንዲያ ነች፤ ቢጫዋም ትል ለቃሚ እንጂ የሞት ወፍ አይደለችም አልኩት።

ትንሽ ሄዶ ቆመ። "መዋሸቱስ ገብቶኛል" አለ። "ቁራ እንጨት እንደማይቆረቁር ማን ይስታል?"

"ታዲያ ለምን ይመጣሉ?"

"ሌላ ማን ያወራኛል?"

ለአባቴ አልነገርኩትም። አጎቴም በማግስቱ መጥቶ ከቦታው ተቀመጠ። አባቴ ክረምት ላይ በሳል ታሞ እስኪሞት ድረስ ይህ አልቀረም። ቀብሩ ላይ አጎቴን ዳር አስቀመጡት፤ አላለቀሰም። አፈሩ ሲመለስ፣ "ጨረሱ?" ብሎ ሚስቱን ጠየቃት፤ ጨረሱ ስትለው፣ "በይ ምሪኝ፣ ብርድ ነው" አላት።

እኔ ሰቆጣ ወጥቼ ቤት ተከራየሁ። ቁርጭምጭሚቴ ብርድ ሲሆን እስከ ዛሬ ያመኛል።