ሳጥኑ ያልተቀበለው ቁጥር

የኒውፋውንድላንዱ ዊልፍ ፔድል በካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ሬዞሉት ላይ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የአውሮፕላን መሣሪያ አስተካክሏል። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በውስጡ ላለው መንገድ መሪ ሳጥን ያለበትን ቦታ በቁጥር ይነግረዋል፤ ሳጥኑም የምድርን መሽከርከር ለክቶ ሰሜንን ራሱ ያገኛል፤ የተነገረው ቦታ ከለካው ጋር ካልገጠመ አይቀበልም። ወደ ዋልታው በተጠጉ ቁጥር ፍለጋው ይረዝማል፤ እዚያ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። በመሀል አውሮፕላኑ ከተነቃነቀ እንደገና “ሀ” ብሎ መጀመር ነው። ስለዚህ ዊልፍ ጫኞቹን፣ “እናንተ ድቦች! ቀስ በሉ!” ሳይል የዋለበት ቀን የለም።

በፈረንጆቹ 1984፣ በሰኔ ወር በአንዱ ዓርብ ግን ዝም አለ።

“ሽማግሌው፣ አሞሃል እንዴ?” አለችው የጭነት ኃላፊዋ ኤሊሳፒ ኑታራክ።

“ነገ አገሬ ጋንደር ላይ ልጄን እድራለሁ። ዛሬ ሁላችሁም ቆንጆ ናችሁ።”

አውሮፕላኑ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ካመለጠው ሠርጉም አመለጠው። ከባሕሩ ደግሞ ጭጋግ እየተሳበ ነበር።

ዐሥራ ሰባቱ ደቂቃ ሲሞላ አብራሪው ኤቤር በመስኮት ብቅ አለ። “ዊልፍ! ሳጥኑ እምቢ አለ!”

ዊልፍ ሮጦ ገባ። የሬዞሉትን ሰባ አራት ዲግሪ ማስገባት ሲገባው አርባ ስምንት አስገብቷል፤ የጋንደርን። እጁ ቀድሞት አገሩ ገብቶ ኖሯል።

“ሳጥኑ ካንተ ይሻላል፤” አለች ኤሊሳፒ እየሳቀች። “የት እንዳለ ያውቃል።”

“ጭጋጉ ማኮብኮቢያውን ከሸፈነው አልነሣም፤” አለ ኤቤር።

ዊልፍ ቁጥሩን አስተካክሎ እንደገና ጀመረ።

“በል ሻንጣህን ከጎጆህ አምጣ እንጂ! የሠርግ ሱፍህ!” አለችው ኤሊሳፒ።

“ይሄን ማን ይጠብቅልኛል? እነዚህ ድቦችሽ?”

ከክንፉ ሥር ተገትሮ ቀረ። ኤሊሳፒ ጫኞቿን የጭነት ሳጥኖቹ ላይ አስቀመጠቻቸው። አንዱ ሲያስነጥስ ሁሉም ዞረው አፈጠጡበት።

የመንገድ መሪው ሳጥን አረንጓዴ መብራት ሲበራ ጭጋጉ ጎጆውን ውጦታል፤ ማኮብኮቢያው ግን ገና ይታያል። ዊልፍ ባዶ እጁን ተሳፈረ።

የሠርጉን ፎቶ ያየ ሁሉ፣ “ይሄ መካኒክ ከየት መጣ?” ይላል። ሙሽራዋ ዶሪን ግን ዘይት የነካውን የሥራ ልብሱን እጅጌ ጨብጣ ነው የተነሣችው፤ የነጭ ጓንቷ ጣቶች ጠቁረዋል።