ጋሼ በወረቀት ቬጋስ የገቡ ጊዜ

ሎስ አንጀለስ፣ ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ሽማግሌ ቤት ጓሮ፣ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሽማግሌውን ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ዳውንታውን ሁለት ፓርኪንግና አንድ የቢሮ ሕንፃ አላቸው፤ ብዙ አክሲዮንም ገዝተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው። የሚያወሩት ሰው ስለሌላቸው ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ኩሽናቸው በር ላይ ይይዙኝና ስለ ስቴት ታክስ ይነግሩኛል።

"ካሊፎርኒያ ማለት እጇን ኪሴ ውስጥ ከትታ የምታድር ሴት ናት" ይላሉ፣ የተቀቀለ እንቁላል እየላጡ። "የሰው መኪና ለማቆም ሃያ ዓመት በእግሬ ስሮጥ የት ነበረች?"

"እውነት ነው ጋሼ" ብዬ አልፋለሁ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ አፌ ለሁሉም ሰው እውነት ነው ይላል። በልቤ ግን ባለጌ ነኝ። በልቤ "የሮጡበትን መንገድ ማን ሠራው?" እላቸዋለሁ። በልቤ የምለውን ደግሞ እስከዛሬ የሰማ የለም።

ባለፈው ጥር ጋሼ ቬጋስ ገቡ። ማለቴ ወረቀታቸው ገባ። ኔቫዳ ውስጥ ሰው በሚያገኘው ገቢ ላይ የስቴት ታክስ የለም፤ የሕንፃዎቻቸው ገቢ ባያመልጥም የአክሲዮናቸው ትርፍ ያመልጣል። ስለዚህ እዚያ ዘመድ ቤት አንድ ክፍል በስማቸው አስደረጉ፣ የኔቫዳ መንጃ ላይሰንስ አወጡ፣ በሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ "ሙቭ አድርጌያለሁ፣ ደህና ሁኑ" ብለው ተሰናበቱ። ማክሰኞ ጠዋት ፒጃማቸውን እንደለበሱ ጽጌረዳ ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

"ቬጋስ አልነበሩም እንዴ ጋሼ?"

"ነኝ እኮ" አሉ፣ ቧንቧውን ሳይዘጉ።

የማስተናግድበት ምግብ ቤት ፌርፋክስ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ጋሼ ከቬጋስ ለምሳ መጡ። የታክሲ ሹፌሩ ደንበኛችን ገና ሲያያቸው ብድግ አለ። "ደግ አደረጉ ጋሼ! ሰው ለፍቶ ያገኘውን! ነገ ሀብታም ስሆን እኔንም ሊዘርፉኝ ነው።"

"አንተ መጀመሪያ ጎማህን ቀይር" አሉ ወጥ ሠሪያችን እትዬ፣ በጓዳው መስኮት ብቅ ብለው። "ሀብታም ስትሆን ያኔ እናለቅስልሃለን።"

ጋሼ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር ወደ እድር ያመጡታል። "እድራችንን እዩ! ሀብታም ድሃ ሳይል እኩል ነው የሚያዋጣው። ፍትሕ ማለት ይኼ ነው። አንተ ብዙ አለህና ብዙ ክፈል የሚል አለ?"

"ጋሼ፣ ባለቤትዎ ያረፉ ጊዜ ስንት ሰው መጣ?" አሉ እትዬ። "ከሰው ብዛት መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ፖሊስ መጥቶ አልነበር? ዕቃ አጣቢያችን አባቷ የሞተ ጊዜስ? ስድስት ሰው ነን የሄድነው፤ ስድስተኛው እንኳን ቤት ተሳስቶ ነው። እኩል ከፈላችሁ እንጂ እኩል አልተለቀሰላችሁም።"

"ለእኔ የመጣው ሰው በፍቅር ነው!"

"በፍቅር? ግማሹ እርስዎ ፓርኪንግ የሚሠራ ነው!"

ትሪውን ይዤ ጓዳ ገባሁና ግድግዳው ላይ ተደግፌ ሳቅኩ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ዓርብ ጠዋት ጋሼ ኩሽና በር ላይ ወረቀት ይዘው ጠበቁኝ። የኪራይ ውል ነው። ቤቱን በሙሉ፣ አራቱን መኝታ ቤትና ጋራዡን ጭምር፣ ከጥር ጀምሮ ብቻዬን ተከራይቼ እንደምኖርበት ይላል። ከነጠላ ጫማዬ ጋር የአራት መኝታ ቤት እመቤት ሆንኩ።

"እዚህች ጋ ሳይን አድርጊ። ምንም አይደለም፣ እኔ እዚህ እንደማልኖር ለታክስ ማሳያ ነው፤ ፎርማሊቲ።"

"ጋሼ፣ የዜግነት ማመልከቻ አስገብቼ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነው። ውሸት ፈርሜ ቢደርሱብኝስ?"

"ማን ይደርስብሻል? እስከ እሑድ አስቢበት። ሳይን የሚያደርግልኝ ሌላ ሰው ካገኘሁ ግን ክፍሏን ለእሱ ነው የምሰጠው።"

በዚህ ከተማ እኔ በምከፍለው ዋጋ ድንኳን እንኳን አይገኝም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ውሸት የሆነ ወረቀት ለመለየት ግን ስድስተኛ ክፍል ይበቃል። ሁለት ቀን ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይዤ ዞርኩ። ብፈርም ዜግነቴ፣ ባልፈርም ቤቴ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የእድሩ ስብሰባ እኛ ምግብ ቤት ነበር። እኔ ሻይ አድላለሁ። ጋሼ ስብሰባውን ገና ሊከፍቱ ሲሉ የእድሩ ጸሐፊ ተነሣና አንድ ነጭ ጋቢ አለበሳቸው። ሰው አጨበጨበ። ኬክ መጣ፤ ላዩ ላይ "መልካም መንገድ" ተጽፎበታል።

"ምንድን ነው ይኼ?" አሉ ጋሼ።

"መሸኛዎ ነዋ!" አለ ጸሐፊው። "አሁን ወደ አጀንዳችን። አዲስ ሊቀመንበር መምረጥ አለብን። በደንባችን መሠረት ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውጭ የሚኖር ሰው አባል መሆን አይችልም።"

ደንቡን ያስጻፉት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። የቤት ዋጋ ሸሽተው ቬጋስ የገቡ አባሎች እድሩ አይቅርብን ብለው ሲለምኑ፣ "ከቬጋስ ሬሳ ለማምጣት አናዋጣም" ብለው ያባረሯቸው እሳቸው ናቸው።

"እኔ የት ሄድኩና ነው?"

"ቬጋስ ጋሼ። ላይሰንስዎን አሳይተውን የለም?"

"እሱ ለታክስ ነው!"

"ኦኬ፣ ታዲያ የሚኖሩት የት ነው?"

ጋሼ ዙሪያውን አዩ። ቤታቸው ባዶ፣ ልጆቻቸው ሩቅ፤ ነገ ቢሞቱ የሚያነሣቸው እዚህ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጣታቸው ወደ እኔ ዞረ። "እሷ ትመስክር! ጓሮዬ ነው የምትኖረው። ተናገሪ፣ የት ነው የምኖረው?"

ስድሳ ሰው አየኝ። የሻይ ትሪውን አስቀመጥኩና ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"ጋሼ… ይቺ እንድፈርም የሰጡኝ ወረቀት በቤቱ የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ ትላለች። አሁን እርስዎም እዚያ ይኖራሉ ካልኩ መፈረም አልችልም። የቱን ልበል?"

"ድምፅ!" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "አልተሰማም!"

በሕይወቴ ከዚያ የከፋ ቅጣት አላውቅም። እንደገና፣ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። የታክሲ ሹፌሩ ሳቁን ሊደብቅ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እትዬ ግን አልሳቁም፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጋሼን ያዩ ነበር።

"አምጪው ወረቀቱን" አሉ ጋሼ በመጨረሻ። አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "እዚሁ ነው የምኖረው ብለሽ ተናገሪ።"

"እዚሁ ነው የሚኖሩት" አልኩ።

ጸሐፊው ጻፈ። ሊቀመንበርነቱ ጸና፣ ኬኩ ተበላ። ጋቢው ይመለስ አይመለስ በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ክርክር ተደረገ፤ ጋሼ አላወልቅም አሉ።

ስንመለስ በመኪናቸው ወሰዱኝ። ላ ብሬያ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

"እስቲ በእውነት ንገሪኝ" አሉ፣ ከፊታቸው እያዩ። "ከሁሉም ሰው የበለጠ ታክስ መክፈሌ ትክክል ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንዴ ስድሳ ሰው ፊት ጮኼያለሁና አፌ ተከፍቶ ነበር። "ትክክል ይመስለኛል ጋሼ። መልፋትዎ እውነት ነው። ግን እኔም እለፋለሁ፤ ከእኔ ላይ ሲቆረጥ ከምበላው ነው የሚጎድለው፣ ከእርስዎ ሲቆረጥ ከሚያስቀምጡት ነው። ደግሞ መንጋጋዬ ያበጠ ጊዜ በስቴቱ ኢንሹራንስ ነው በነፃ የታከምኩት። ጥርሴ የተሠራው ከእርስዎ ብር ሊሆን ይችላል።"

"ጥርስሽ?"

"አዎ።"

"እስቲ ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ።

"ደህና አድርገው ሠርተውታል" አሉና ነዱ።

"ክፍሏስ ጋሼ?"

"ክፍሏ ምን ሆነች? ኑሪባት። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ግን ሃምሳ ዶላር ትጨምሪያለሽ። እኔም ታክስ ልከፍል ነው።"

"ይበዛል" አልኩ፤ በልቤ ሳይሆን በአፌ።

ደጃቸው ላይ ስንደርስ ሃያ አምስት ላይ ተስማማን።